የጳጉሜ ደብተሮቼ

የበጎ አድራጎት ድርጅት የመሠረተ ሰው ዓመት ሦስት ጊዜ ያልቅበታል። ሰኔ 30 የመንግሥት በጀት ዓመት ሲዘጋ አንዴ ያልቃል። እኛ ገና ታኅሣሥ 22 ላይ ሆነን የገና በግ ስንት ገባ ስንባባል የፈረንጆቹ ዲሴምበር ይወጣና፣ ለጋሾች ሪፖርታቸውን ይፈልጋሉና፣ ሁለተኛ ያልቃል። ሦስተኛው ጳጉሜ ነው፤ ማንም ምንም የማይጠይቅበት። የሁለቱን ሪፖርት የቢሮአችን ወጣቶች በኮምፒውተር ይሠሩልኛል፣ እኔ ፊርማዬን አኖራለሁ። የጳጉሜውን ግን እስከ ዛሬ በእጄ፣ በደብተር፣ በሦስት ርእስ ከፍዬ ነው የምጽፈው፦ ሥራ፣ ስፖርት፣ ትምህርት።

የመጀመሪያው ደብተር የ1984 ነው። ባለ ሃምሳ ሉክ፣ ጀርባው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ የታተመበት፤ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል፣ ውስጡ ግን ደህና ነው። እጅ ጽሑፌ ያምራል። እናንተዬ፣ እንዴት ያለች ኩሩ ልጅ ነበርኩ! በአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነኝ፤ ፀጉሬን በቢጎዲን ጠቅልዬ አድራለሁ፣ ጫማዬን በየማለዳው እቀባለሁ፣ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ካልሆነ በቀር ሮጬ አላውቅም። እንዲህ ያለችው ልጅ ናት እንግዲህ «ስፖርት» ከሚለው ርእስ ሥር በቀይ እስክሪብቶ «በየጠዋቱ እንጦጦ ድረስ መሮጥ» ብላ የጻፈችው። እንጦጦ ድረስ! ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው፤ አቀበቱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ነገሩ የደራርቱ ጣጣ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ 1 ቀን ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ወሰደች፤ ለጥቁር አፍሪካዊት ሴት የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር። ከደቡብ አፍሪካዊቷ ከኤላና ሜየር ጋር ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ያየ ሰው ሁሉ እንባው መጥቷል። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ ሯጭ ሊሆን አማረው፤ አብዛኛው ለሳምንት፣ እኔ ትንሽ ለበለጠ ጊዜ። ቱታ የለኝም፤ የወንድሜን ሰፊ ቱታ ወገቡን በገመድ አስሬ፣ በሸራ ጫማ፣ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ነጠላዬን ግን ትቼ መውጣት አልቻልኩም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ደረቴ ላይ አመሳቅዬ አስሬው ስሮጥ ያየኝ ሁሉ ወደ ለቅሶ የምበር ሳይመስለው አልቀረም።

የዚያ ሰዓት ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ባሕር ዛፍ፣ እርጥብ ቀይ አፈር፣ ከየደሳሳው ጎጆ ጣሪያ ሾልኮ የሚወጣ የምጣድ ጭስ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚመጣ ጥቂት ዕጣን። ከላይ እንጨት ተሸካሚዎቹ እናቶች ይወርዳሉ፤ ጀርባቸው ከሸክሙ በታች አይታይም፣ ከሩቅ ሲታዩ ጫካው ራሱ እግር አውጥቶ ቁልቁል የሚሄድ ይመስላል። ለእነርሱ መንገድ ለመልቀቅ ከዳር ስቆም «ምን ሆነሽ ነው ልጄ፣ ማን ነው የሚያባርርሽ?» ይሉኛል። «ስፖርት ነው» እላለሁ አፍሬ። አንዷ ሸክማቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ ቆይተው፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «አንቺ ባዶሽን ትወጫለሽ፣ እኛ ተሸክመን እንወርዳለን፤ ሜዳሊያውን ለማን ይሰጡት ይሆን?» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ፣ እሳቸውም ሳቁ። እስከ ዛሬ የምሸልማቸው እሳቸውን ነው።

የሰፈሩ ልጆች ከዚያ መንገድ ላይ ነው የተከተሉኝ። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ አንዲት ሴት በወንድ ቱታ ስትሮጥ ማየት ነጻ ሲኒማ ነው። መጀመሪያ ከኋላ እየጮሁ፣ ቀጥሎ ከጎኔ፣ በስተመጨረሻም ጥለውኝ ከፊቴ መሮጥ ጀመሩ፤ በባዶ እግራቸው። ስንመለስ ደጃችን ላይ ቁጢጥ ብለው ይቀመጣሉ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልጅ ደጇ ተቀምጦ ባዶ አፉን መመለስ የማይሆንላት ሰው ናት፤ የተቆላ ሽምብራ በሰፌድ ታወጣለች። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ማታ ማታ በደብተራቸው መጡ። ያን ጊዜ በሰፈራችን አባቱ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰለት፣ ከአያቱ ጋር የሚኖር ልጅ ብዙ ነበር። ኩራዙ ላምባ ይፈልጋል፣ ላምባው ገንዘብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከአስፋልቱ ዳር የመብራት እንጨት ሥር ኮልኮል ብለው ያጠኑ ነበር። ካፊያ በጣለ ቁጥር ደብተሩን ቀሚስ ውስጥ ከትቶ መሮጥ ነው።

በእሑድ የእድር ስብሰባ ተነሥቼ የእድሩን ቤት ለማታ ማታ ጥናት ለመንኩ። ዳኛው ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ መሬቱ ላይ ነካ ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህን ቤት የሠራነው ለለቅሶ ዕቃ ነው» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ማታ ማታ ግን ዕቃው ይተኛል» አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ «በማታ ለልጆች ጥናት እንዲሆን፣ የመብራቱንም ሒሳብ አመልካቿ እንድትከፍል» ብለው አሰፈሩ። የድርጅታችን የመጀመሪያ መተዳደሪያ ደንብ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በኋላ ጠበቃ ያረቀቀልንን ረጅሙን ደንብ ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁበትም።

ያ ቤት! በሩን ስትከፍቱት በቅድሚያ የሚቀበላችሁ የድንኳኑ ሽታ ነው፤ ዝናብ የጠጣ፣ በደንብ ሳይደርቅ የተጠቀለለ ሸራ። ቀጥሎ የጥላሸቱ። ሰታቴዎቹ በግድግዳው በኩል ተደፍተው፣ የእድሩ ምልክት በቀይ ቀለም የተቀባባቸው ሳህኖችና ኩባያዎች በጆንያ ተሞልተው፣ አግዳሚዎቹ እስከ ጣሪያ ተደራርበው። ከመካከል አንድ ባለ 60 ሻማ አምፖል። ትንንሾቹ የተጠቀለለው ድንኳን ላይ ይቀመጣሉ፣ ትልልቆቹ አግዳሚ ያወርዳሉ፣ ሰታቴ ገልብጦ ጠረጴዛ ያደረገም ነበር፤ ጥያቄ ሲከብደው ጥላሸቱን በጣቱ ይጭርና ማታ ቤቱ ሲገባ ፊቱ እንደ ከሰል ሻጭ ነው። ጥሩምባ ነፊው በሌሊት የነፉ እንደሆነ ልጆቹ ያውቁታል፤ ዕቃው ሊወጣ ነው። ተሰልፈው ይሸከማሉ፣ ሳህን ይቆጥራሉ፣ ስንት ወጣ ስንት ገባ ብለው ይቀንሳሉ። በኋላማ ድፍረቱ መጣላቸውና፣ ፈተና የደረሰ ጊዜ ሊያድሩ የመጡት ሽማግሌዎች ካርታ ሲጫወቱ፣ እነርሱ በዚያው ለቅሶ ድንኳን ጥግ በማሾው ብርሃን ጂኦግራፊ ያጠኑ ጀመር። አንዱ ለቅሶ የተቀመጠላቸው አዛውንት ቢያዩ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል፤ በሕይወታቸው ልጅ ሲያጠና ከመንገድ ዞር የሚሉ ሰው ነበሩ።

ሰፈሩ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ «የኛ አበበች» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ስሙን እሸሸው ነበር። እዳዬ አበበች ጎበና ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ረኃብ ያስጣላቸውን ሕፃናት ይዘው መጥተው፣ ትዳራቸውንና የሞቀ ቤታቸውን ትተው፣ ቆሎና እንጀራ እየሸጡ ያሳደጉ ሰው ናቸው። እኔ የአምፖል ሒሳብ የምከፍል ሴት ነኝ። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ደግ አይደለም።

«ሥራ» የሚለው ርእስ ሥር ያኔ የምጽፈው የመሥሪያ ቤቴን ሥራ ነበር፤ የእድሩ ቤት ሥራ ይሁን ጨዋታ ገና አልለየልኝም። የአማርኛ ታይፕ የመታ ሰው ያስታውሳል፤ ፊደሉ ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ ነው፣ አንዱን «ሹ» ለማውጣት ጣት ሁለት ጊዜ ይደክማል። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩና ከሥራ ሰዓት በኋላ መሣሪያውን ፈቀዱልኝ። ሪባኑን አነሣና ስቴንስሉን አስገባለሁ፤ ፊደሉ ሰሙን ሲበሳ ከቀን ድምፁ ለየት ይላል፣ ደረቅ ነው፣ ኮስተር ይላል። ስሳሳት በቀዩ ማረሚያ እቀባና፣ እስኪደርቅ እፍ እያልኩ፣ በባዶው ቢሮ ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ መልመጃ ጥያቄ እየመታሁ አመሻለሁ። ወረቀቱን ራሴ ገዝቼ ነው፤ ቀለሙን ግን፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ የማባዣው ክፍል ሽማግሌ «ተራርፎ የቀረ ነው» ብለው ይሞሉልኝ ነበር። በማግስቱ እጄ ጥቁር ነው። ትኩስ የተባዛ ወረቀት ለልጆቹ ሲታደል መጀመሪያ ያሸቱታል፣ ከዚያ ያነቡታል።

ሦስተኛው ርእስ ትምህርት ነው፤ ከሱ ሥር ለዓመታት ያው አንድ ቃል ተጽፎ አለ፦ ዲፕሎማ። በማታው ክፍለ ጊዜ ኮሜርስ ገብቼ ሒሳብ አያያዝ እማር ነበር። ከቢሮ ወጥቼ በውይይት ታክሲ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ጉልበት ጉልበቴን እየነካ፣ ደረቅ ዳቦ በወረቀት ይዤ እደርሳለሁ። ክፍል ውስጥ ሁላችንም ቀን ሠርተን የመጣን ነን፤ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞር ሲሉ ግማሹ ያንቀላፋል፣ ዞረው ሲያዩን ግማሹ ይነቃል። እኔ የምማርበት ማታ የእድሩን ቤት የሚከፍት አልነበረምና ቁልፉን ለአንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ሰጠኋት። ጸጥተኛ ናት፣ አትቆጣም፣ ግን ጠመኔ ስትይዝ ክፍሉ ጭጭ ይላል። ያለ ደመወዝ ያገኘኋት የመጀመሪያዋ መምህሬ እሷ ናት፣ በመማሬ ሰበብ።

ደግሞ ይህን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ኮሜርስ የተማርኩትን ልለማመድበት ብዬ የእድሩን ሒሳብ በአዲሱ ዘዴ፣ በደቢትና ክሬዲት፣ ገልብጬ ለሽማግሌዎቹ አቀረብኩ። ዳኛው መዝገቡን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ከዚያ በጣም ረጋ ብለው «የኔ ልጅ፣ አንድ ብር እንዴት ሁለት ቦታ ይጻፋል? ሁለተኛውን ብር ማን አዋጣው?» አሉኝ። ሳስረዳ አመሸሁ። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ግን አሮጌው መዝገብም ጎን ለጎን እንዲያዝ ወሰኑ፣ ለማንኛውም።

ሽሮ ሜዳ ስትሉ የሸማው ድምፅ ይቀድማል። ማለዳ ከእንጦጦ ስወርድ ከየቤቱ የመወርወሪያው ጠቅታ ይሰማል፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል፣ ቀኑን ሙሉ አይቋረጥም። የብዙዎቹ ልጆች አባቶች ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ነበሩ። ልጆቹ የኳስ ቡድን ሲያቋቁሙ ማልያ ከየት ይምጣ? ከአባቶቹ አንዱ የተራረፈውን ድርና ማግ ሰብስበው ማልያ ሸመኑ። አዎ፣ ሸመኑ! ነጭ ጥጥ፣ እጅጌው ላይና አንገቱ ላይ አረንጓዴና ቀይ ጥለት ያለው። ይህን ለብሰው ጃን ሜዳ ሲገቡ የሌላ ሰፈር ልጆች በሳቅ ፈነዱ፣ «ሙሽሮቹ መጡ!» አሉ፤ ስማቸው በዚያው ሙሽሮች ሆኖ ቀረ። ችግሩ ዝናቡ ነው። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፤ ጨዋታው ሲጋመስ ማልያው ጉልበታቸው ደርሶ፣ አንዱን ሲጎትቱት ከነማልያው ሁለት ክንድ ይረዝማል። ተሸነፉ፣ እንዲያውም በሰፊው። ግን ከጨዋታው በኋላ የአሸናፊው ቡድን በረኛ መጥቶ፣ ጥለቱን በጣቱ እየዳበሰ፣ «ይህን ስንት ነው የሚሠሩት?» ብሎ ጠየቀ።

ኳሱም ታሪክ አለው። እስከዚያ የሚጫወቱት በካልሲ ውስጥ በታጨቀ ጨርቅ ነበር። ወንዶቹ የእንቁጣጣሽ ሥዕል፣ መልአኩንና አደይ አበባውን፣ በውኃ ቀለም እየሳሉ ለየጎረቤቱ ያድሉ የለ? ሴቶቹም በአበባየሆሽ ያገኙትን ጨመሩ፤ አዋጥተው ጠመኔ ገዙ፣ በተረፈው ከመርካቶ አንድ የቆዳ ኳስ። ካላማዳሪው በየጊዜው ይተነፍስና ጎሚስታው ጋ ይወሰዳል፤ ጎሚስታው የመኪናውን ጎማ ትቶ ቅድሚያ ለኳሱ ይሰጣል፣ ባለ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ሰፈር ነበር።

የጳጉሜን ዕቅድ የምጽፈው በሩፋኤል ማግሥት ነው። ጳጉሜ 3 ቀን ዝናቡ ሲጥል ልጆቹ ሩፋኤል እንዲያሳድጋቸው እየጮሁ እርቃናቸውን በዶፍ ይጠመቃሉ፣ እናቶች የዝናቡን ውኃ ለቡሖ ያቁራሉ። በማግሥቱ እኔ እንድንጫወት የሚለምኑኝን ሁሉ ከደጅ መልሼ ደብተሬን እከፍታለሁ። በ1987 ጳጉሜ 6 ሆነችና አንድ ቀን ተመረቀልኝ። ያን ዓመት የጻፍኩት ዕቅድ ከሌሎቹ ሁሉ ይረዝማል፤ ፈረንሳይኛ መማር ሁሉ ገብቶበታል። የፈረንሳይኛውን ነገር ተዉት።

1993 መስከረም 15፣ መስቀል ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሰፈሩ ጭር ብሎ ነበር፤ ሸማኔዎቹ ለመስቀል አገራቸው ገብተው የመወርወሪያ ድምፅ የለም። ከጎረቤት ቴሌቪዥን ተውሰን የእድሩ ቤት ሰታቴ ላይ አቆምነው። አንቴናውን አንድ ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያዘው፤ «ታየ?» «አልታየም!» «አሁንስ?» «ጭራሽ ጠፋ!» መቼም እንደምንም ታየ። ኃይሌና ፖል ቴርጋት በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትሩን መጨረሻ ሲሮጡ ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ አልነበረም፤ ቴርጋት አፈትልኮ ወጥቶ፣ ሄዶ ሄዶ፣ መስመሩ ላይ ኃይሌ ደረሰበት። ልዩነቱ ከሰከንድ መቶኛ 9 ብቻ ነው። ጩኸቱ ሰታቴዎቹን አንቀጠቀጣቸው። ጣሪያ ላይ ያለው ምስኪን ብቻ «ማን አሸነፈ? ማን አሸነፈ?» እያለ ሲጮኽ የሰማው የለም፤ አንቴናውን ለቆ እንዳይወርድ ደግሞ አደራ ተብሏል። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ይህን ነገር እስካሁን ይቅር አላለንም።

በዓመቱ፣ ኅዳር 1994፣ ኃይሌ ታላቁ ሩጫን በአዲስ አበባ ሲጀምር 10,000 ሰው ወጣ። እኔም ወጣሁ፣ ከሙሽሮቹ ጋር፤ ያኔ አንዳንዶቹ ፂም አብቅለዋል። ኃይሌ አንደኛ ሲገባ እኛ ገና መንገድ ላይ ነን፣ ግን ማንም ማንን አልጠበቀም፣ ማንም ማንን አልተወም። በየአስፋልቱ ዳር የቆሙት እናቶች «አይዞሽ ልጄ» ይላሉ። ማን ነው የሚያባርርሽ የሚለኝ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ተመዘገብን፣ ማኅተም ተቀረጸ፣ ጽሕፈት ቤት ተከራየን። በ2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ 621 ሲወጣ ለአስተዳደር የሚወጣው ከመቶ 30 እንዳያልፍ ተደነገገና፣ የትኛው ወጪ በየትኛው በኩል ይጻፍ የሚለው ማታ ማታ እንቅልፍ ነሣን፤ በ2011 በአዋጅ 1113 ተተካና ሌላ ስሌት ተማርን። የኮሜርስ ደቢትና ክሬዲት በደንብ ጠቀመኝ። የእድሩ ቤት ፈርሷል፣ ዳኛውም ጸሐፊውም ጥሩምባ ነፊውም አልፈዋል። ጃን ሜዳ በኮሮናው ዓመት አትክልት ተራ ገብቶበት፣ ሙሽሮቹ የተንሸራተቱበት ጭቃ ላይ ጎመንና ሽንኩርት ተከምሮ አየሁ። ውይይት ታክሲ የት እንደገባ አላውቅም። ሸማው እንኳ አለ፣ ግን በመኪናው ጡሩምባ መካከል ጆሮ ጥሎ ካልሰሙት አይሰማም።

ዛሬ ልጆቻችን የሚያጠኑበት ክፍል ወለሉ የተወለወለ፣ መብራቱ ነጭ፣ ወንበሩ ለየራሱ ነው። ጥሩ ነው። አንዳንዴ ግን ጎብኚ ሲመጣ አግዳሚ ጠፍቶ መሬት ላይ የሚቀመጥ ልጅ እንዳይኖር ስንጣደፍ፣ ድንኳኑ ላይ ተጋድመው በአንድ መጽሐፍ ለአራት ሲያነቡ የነበሩት ትዝ ይሉኛል፤ አንዱ ገጹን ቶሎ ከጨረሰ ሌላውን ለመጠበቅ ይተኛል፣ ሲገለጥ ይቀሰቅሱታል።

የዘንድሮውን ጽፌአለሁ። ሥራ፦ ቁልፉን ለወጣቶቹ አስረክቤ፣ እኔ ሲጠሩኝ ብቻ ልመጣ። ይህን ካሁን በፊትም ጽፌው ነበር። ስፖርት፦ ጉልበቴ ሩጫውን እንቢ ስላለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ወደ እንጦጦ በእግር፤ ነጠላ ማድረግ ይፈቀዳል ተባብለናል። ትምህርት፦ ኤክሴል። የምታስተምረኝ ያች ጸጥተኛዋ፣ የቁልፏ ልጅ ናት። ኦዲተር ሆና ኑሮዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እዚያ ገና ቀን ሳለ እዚህ ሲመሽ በቴሌግራም ትደውልልኛለች። አሁንም አትቆጣም። ትናንት ማታ ግን የወጪውን ሠንጠረዥ ከፍቼ፣ የሆነ ነገር ነክቼ፣ አምዱ ሁሉ በመሰላል ምልክት ሲሞላባት፣ ዝም ብላ ቆየችና፣ «እትዬ» አለችኝ፣ «ፎርሙላውን አይንኩት ብዬ አልነበረም?»

«ጠቦብሽ ነው እንጂ ደህና ነው፣ አምዱን ሰፋ አድርጊው» ብላ ከጓዳ የልጅ ልጄ መለሰችላት። ሰፋ ስናደርገው እውነትም ቁጥሩ ሁሉ አለ።